ዝምድና፦ የለም

ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣
ሠላሳ ሁለት ደረጃ ወጣሁ ለአንድ ጉዳይ።
ግንቦት ነው፤ የአዳማ ቆርቆሮ ይንጣጣል፣
ጠበቃዋ ቢሮ ቬንትሌተር ይዞራል፣ ወረቀት ይነሣል።

ሌሊሴ ዱጋሳ ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት፣
ብወልድ ኖሮ ከመጨረሻዋ ልጄ ጋር የምትማር፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዓመት።
ውሃ ቀዳችልኝ።
«ልጆች?» አለች።
«የሉም» አልኩ። አንገቷን አልሰበረችም፤ ጻፈች።
«የሉም» ባልኩ ቁጥር «አይዞሽ» ይከተለኝ ነበር፣
እንደ ውሻ፣ እስከ በር።

ስለ ሰዎቼ ጠየቀችኝ።
የእህቴ ልጅ ናሁሰናይ አለ፤ በዓል በዓል ይመጣል፣
ግቢዬን በእርምጃ ይለካል፣
«አክስቴ፣ ይሄ ሎሚ ቢቆረጥ ሁለት ሰርቪስ ይወጣዋል» ይላል።
ሎሚው ይሰማል።

እድርማ አለ። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣
በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ቆጥሮ ይሄዳል፤
ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ማን ይይዛል?

ጎረቤቴ ብርቄ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ስትለኝ፣
«እኔ አመዱ ነኝ ወይስ አህያዋ?» ብላት ሳቀችብኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ።
አንድ ሕግ ነበረን፦ ባለ ጭነት ሚዛን አይነካም።
ሹፌር ይምላል፣ ረዳት ይምላል፣ ነጋዴው በልጆቹ ይምላል፤
መርፌው ግን ዘመድ የለውም።

«ክፍያዬ ይህን ያህል ነው» አለችኝ፣ ሳታፍር፣ ቁጥሩን ጽፋ።
ደስ አለኝ። በነፃ የሚያገለግል
ዋጋውን በጓሮ በር ያወጣል፣ ሰው ሲያንቀላፋ።
«አንቺ ብትቀድሚኝስ?» አልኳት።
ሳቀች። ሁለተኛ ስም ጨመርን፣
እንደ ስኮርታ ጎማ ከኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄድ።

ንብረት ቆጠርን። ሦስት ክፍል ቤት፤ ሰርቪስ፣ ተከራይ ያለበት፤
የባንክ ደብተር፤ ሃያ ኪሎ የብረት መመዘኛ፣ በር የማስደግፍበት፤
ቡቺ፣ ውሻዬ።
የብርቄ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣ እሷ የረሳችው ዕዳዬ።

«ሌላስ?» አለች። ቬንትሌተሩ ዞረ።
ለነፍስ አባቴም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረ።

በሰማንያ ስምንት፣ በጥር፣ ቦሎቄ የጫነ ኤንትሬ መጣ።
ሹፌሩ አወል ይባላል። ሁለት ቶን ትርፍ።
«ሚስቴ ወልዳለች፤ ደርሼ ልመለስ» አለኝ።
መርፌውን አየሁ፤ ፊቱን አየሁ፤
ያን ቀን የመዘንኩት ፊቱን ነው። ማኅተሙን መታሁ።
ከወለንጪቲ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ።
ቦሎቄው አስፋልቱን ሞልቶ፣
የሰፈሩ ሰው በቁና ሲለቅም ዋለ።

ልጅቷ ኢክራም ትባላለች። አንድ ጊዜ በሩቅ አይቻታለሁ፣ ደብተር ታቅፋ።
ቤቱ የእሷ ነው።
ናሁሰናይ ቢሰማ «ጃጅታለች» ይላል፤
ብርቄ ብትሰማ አልቅሳ አገር ታስለቅሳለች፤
ይሄን የሚፈጽምልኝ የማይወደኝ ሰው ነው፣
የማይጠላኝም።

ሌሊሴ አላለቀሰችም። «የአያት ስም?» አለች። «አድራሻ?»
«እስክትገኝ ትፈለግ» ብላ ጽፋ አሰመረች፣ እስከ መጨረሻ።

አራቱ ምስክሮች ሐሙስ ይመጣሉ። እስከዚያው ረቂቁን አነበበችልኝ፦
«እኔ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ቸርነት፣ አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ...»
ከታች ስለ ውርስ አጣሪዋ የሚሞላ መስመር አለ፦
ስም፣ ሌሊሴ ዱጋሳ። ሥራ፣ ጠበቃ።
ዝምድና፦
እዚህ ላይ ብዕሯ ቆም አለ፣ እኔም ቆምኩ፤
«የለም» ብላ ሞላችው።

ወረድኩ። ንፋሱ አቧራውን አንሥቶ መሐል መንገድ ላይ ያሽከረክራል።
ከከተማው ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ነጫጮቹ ተርባይኖች ይዞራሉ።
አንድ ባጃጅ ቆመ፤ «እማማ፣ የት ነው?»
ሁሉም እማማ ይሉኛል፣ በሦስት ሰው ሒሳብ የሚጭኑት ሁሉ።
«ቤት» ልለው አፌን ከፈትኩና የማን ቤት እንደሆነ ትዝ አለኝ፤
«ሚዛን ጣቢያው ጋ» አልኩት፣
ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ።